የእርሳስ ሥልጣን፦ ለጤና ሚኒስቴርና ለሆስፒታል ቦርዶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
ለክልል ጤና ቢሮዎች
ለመንግሥት ሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርዶች

ጉዳዩ፦ ነርስን የሚመሩ ነርሶች ሥልጣን

ክቡራንና ክቡራት፣

ወሩ በገባ በ25ኛው ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድም። የዋርዳችን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ባለካሬ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ላጲስ ይዤ የሚቀጥለውን ወር የዱቲ ፕሮግራም እሠራለሁ። በግራ በኩል 14 ስም፣ ከላይ 30 ቀን። በየካሬው ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ዕረፍት ይገባል።

ከ14ቱ ሁለቱ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናቸው። አራት ወሩ ይገባቸዋል፣ ክርክር የለኝም፤ ምትክ የሚልክልኝ ሕግ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱ ትምህርት ላይ ነው፤ ስሙ እኛ ዘንድ አለ፣ ሰውየው የለም። 11 ቀረን። በየሌሊቱ ሁለት ሰው ሲያድር በወር 60 ተራ ነው፣ ለያንዳንዱ አምስት ወይም ስድስት ሌሊት ይደርሰዋል። ያደረ ሰው ደግሞ በማግስቱ አይገባም። የሳምንት ዕረፍቱን ቀንሼ የተረፈኝን ስደለድል ጠዋት ሦስት፣ ከሰዓት ሁለት ሰው ይወጣልኛል፤ አንዳንድ ቀን ጠዋትም ሁለት ነው። ከሦስቱ አንዷ እኔው ነኝ። ዋርዱ 32 አልጋ አለው።

በእስክሪብቶ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን «ለዘመቻ ሁለት ሰው ስጪ» ይባላል። በአምስተኛው ቀን ስልጠና ይመጣል፤ ስልጠናው ላይ የሚሄደው ሁልጊዜ ነገ ማታ የሚያድረው ሰው ነው፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በአሥረኛው ቀን ሌላ ክፍል ሰው ጎድሎበት የኛ ይወሰዳል። ወሩ አጋማሽ ላይ ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ይሳሳና ይቀደዳል። ሰው ሁሉ እየመጣ የሚሰርዘው ወረቀት ነው፤ ከሥሩ የተፈረመው ግን የኔ ስም ብቻ ነው።

ነርስ ከሆንኩ 19 ዓመት፣ የቀዶ ሕክምና ዋርድ ኃላፊ ከሆንኩ 6 ዓመት ሆነኝ። የተሾምኩት በስብሰባ መሐል ስሜ ተጠርቶ ነው። «ሹመት ያዳብር» ተባልኩ፣ ጓደኞቼ ቡና አፈሉልኝ። በማግስቱ አንድ ቁልፍ ማንጠልጠያ ተሰጠኝና ንብረት በሞዴል 22 ፈርሜ ተረከብኩ፦ ይህን ያህል ፍራሽ፣ ይህን ያህል የግሉኮስ መስቀያ፣ አራት የደም ግፊት መለኪያ። ሰው እንዴት እንደሚመራ፣ ቅሬታ እንዴት እንደሚሰማ፣ በጀት እንዴት እንደሚጠየቅ ግን አንድ ሰዓት ያስተማረኝ አልነበረም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ አበው፤ እኔ ዘንድ የሚበላ ቢፈለግ የሚገኘው እርሳስና ላጲስ ነው። ያን ጊዜ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ከአራቱ የደም ግፊት መለኪያዎች አንዱ ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል። ከ14ቱ ነርሶች አንዱ ቢጠፋ ግን የሚጠይቅ የለም።

ስለ ደመወዝ በዚህ ደብዳቤ አልጽፍም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያው ሊል የሚችለውን ሁሉ ብሏል፣ እናንተም ሰምታችኋል። የኔ ጉዳይ ገንዘብ ያልሆነ፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቅ ነው። አንድ ሌሊት ልንገራችሁና ትረዱኛላችሁ።

ባለፈው ክረምት ነው። ዋርዱ ውስጥ 37 በሽተኛ ነበረን፤ አምስቱ ኮሪደር ላይ፣ ሁለቱ በስትሬቸር፣ ሦስቱ ፍራሽ ተነጥፎላቸው። ሁለት ነርስ ገብቷል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የመኪና አደጋ መጣና ድንገተኛ ክፍል ተጨናነቀ፤ ስልክ ተደወለ፣ አንዷ ነርስ ተጠርታ ሄደች። የቀረችው ከተመረቀች ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ ናት። በዚያ ቀን ከሰዓት ሆዱ ተከፍቶ የተሠራ አንድ ገበሬ ነበር፤ ግፊቱና የልብ ምቱ በየሰዓቱ እንዲለካ ታዟል። ቻርቱ ላይ የ4 ሰዓቱ ተጽፏል። የሚቀጥለው የተጻፈው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መሐሉ ባዶ ነው።

በዚያ ባዶ ቦታ ምን እንደተሠራ ልጅቷን ኋላ ጠይቄያት ነበር። የ6 ሰዓቱን አንቲባዮቲክ ለየሰዉ ቀላቅላ ሰጥታለች። የሦስት ሰው ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ተዘግቶ እንደገና ሠርታለች፤ አንደኛው ደም ሥሩ አልገኝ ብሎ ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል። አንድ ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው የሽንት ቱቦውን ጎትተው አውጥተዋል። ኦክስጅን ያለቀበት በሽተኛ ነበር፤ ሲሊንደር ለማስመጣት ጥበቃውን ለምና፣ እሷም አብራ ገፍታለች። የገበሬውን ብርድ ልብስ የገለጠው ወንድሙ ነው። አንሶላው ርሶ አየና «ሲስተር! ሲስተር!» እያለ በባዶ እግሩ ኮሪደሩን ሮጠ። ሌሊቱን ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ተረፈ፤ በዘጠነኛው ቀን በእግሩ ሄደ።

ጠዋት 2 ሰዓት ስገባ ልጅቷ ቻርቱን አቅፋ ቆማ አገኘኋት። በማግስቱ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ፦ የበሽተኛው ክትትል ለምን እንደተቋረጠ በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንዳብራራ። አብራራሁ። ሁለተኛዋን ነርስ ማን እንደወሰዳት ግን ማስረጃ ላያይዝ አልቻልኩም፤ ትዕዛዙ የመጣው በስልክ ነው፣ በስልክ የመጣ ትዕዛዝ ደግሞ ፋይል የለውም። ፋይል ያላት ልጅቷ ነበረች። ማስጠንቀቂያው እሷ ፋይል ውስጥ ገባ፣ ግልባጩ ለኔ።

ድንገተኛ ክፍልን አልወቅስም። እዚያም ሰው እየሞተ ነበር፣ የጠራውም ሰው እኔ ብሆን እጠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በዚያ ሌሊት ለኔ ቢደወልልኝ ኖሮ ምን ማለት እችል ነበር? «አልልክም» ለማለት በእጄ ምን ነበረኝ? ቢያንስ «እልካለሁ፣ ግን ይህን ያህል በሽተኛ ያለ ተመልካች እንደሚቀር እያወቃችሁ ወስናችኋልና ፈርሙልኝ» ለማለት? ምንም። ኃላፊ ተብዬ ተጠያቂነቱ በሙሉ ተሰጠኝ፣ ውሳኔው ግን በሙሉ ሌላ ቦታ ቀረ።

አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ አሁን ካሊፎርኒያ ነው የምትሠራው። እዚያ የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ዋርድ ላይ አንድ ነርስ ከአምስት በሽተኛ በላይ እንዳትይዝ በሕግ ተደንግጓል፣ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት በላይ። ስንደዋወል መጀመሪያ የሚያስቀናኝ ይህ ቁጥር መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ቁጥሩ አይደለም፤ አገሬን አውቃለሁ፣ ነገ አምስት አምስት ስጡን ብል የሚስቀው ራሴው ነኝ። ያስቀናኝ ሌላ ነው። ከአቅም በላይ ሲጫንባቸው «ተቃውሜ ተቀብያለሁ» ብለው የሚሞሉት ቅጽ አላቸው። ቅጹን ሞልታ ሥራዋን ትሠራለች። ጠዋት አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ምን እንዳወቀ ወረቀቱ ይናገራል።

እኛ አገር ነርስ ከውሳኔ ይህን ያህል ርቃ አልጀመረችም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች። የንጉሥ ልጅ አልጋ ማንጠፍ፣ ሕፃን ማጠብ ተማረች ማለት ነው። አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሳ ደሴ ሆስፒታል ሠራች። ነሐሴ 1934 ነቀምት ላይ ስታርፍ ገና 22 ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 በስሟ የተከፈተው ሆስፒታል ነው ዛሬ የጦር ኃይሎች የምንለው። ታሪኩን የማነሳው ዘውድ ናፍቆኝ አይደለም። ያኔ ነርስ የነበረችው ሰው «ለዋርዱ ይህ ይጎድላል» ስትል የምትነግረው አባቷን ነበር። ከሷ በኋላ የመጣነው ለማን እንንገር?

ወረቀት አልጎደለንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያም፣ በ2016 የተከተለው የትራንስፎርሜሽን መመሪያም ለነርሲንግ የራሱን ምዕራፍ ሰጥተዋል። የሆስፒታሉ ነርሶች አለቃ፣ ሜትሮን የሚለው ስም ቀርቶ በብዙ ቦታ «ዳይሬክተር» ሆኗል፤ በአፍ ግን ዛሬም ሜትሮን ነው የምንለው። እኔ ስጀምር የነበሩት ሜትሮን ሲመጡ የጫማቸው ድምፅ ከደረጃው ይሰማና ሐኪሙም ሳይቀር ጋውኑን ይቆልፍ ነበር። ጨካኝ ነበሩ፣ ብዙ አስለቅሰውኛል። ነገር ግን «ከዚህ ዋርድ ሰው አይነሳም» ካሉ አይነሳም ነበር። ዛሬ ማዕረጉ ከፍ ብሎ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

ይህ ደግሞ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። የራሳችን የቀድሞ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የዓለም ጤና ድርጅትን እንደያዙ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከኩክ ደሴቶች ወይዘሮ ኤልዛቤት ኢሮን ጠርተው የድርጅቱ ዋና የነርሲንግ ኃላፊ አደረጓቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የዓለም ነርሲንግ ሪፖርት መሠረት በዓለም 29.8 ሚሊዮን ነርስ አለ፣ 5.8 ሚሊዮን ደግሞ ይጎድላል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ከአገሮች 82 በመቶው በመንግሥት ደረጃ የነርሲንግ ኃላፊ አለን ብለዋል፤ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ግን ለነርስ መሪዎች የተደራጀ የአመራር ሥልጠና የሚሰጡት 25 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ወንበሩ በአብዛኛው ቦታ አለ ማለት ነው። የሚቀመጥበትን ሰው ማዘጋጀቱ ነው የቀረው። በዋርዳችን «ሚኒስቴር ውስጥ የነርስን ጉዳይ የያዘው ማነው?» ብዬ በሻይ ሰዓት ጠይቄ ነበር። ከስድስት ሰው አንድም ስም አልወጣም። የአርሰናልን ተጠባባቂ በረኛ ግን ሦስቱ ያውቁታል።

እንግዲህ ልመናዬ። ከሁሉ በፊት አንድ ሰርኩላር ጻፉልን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ለተራው የተመደበ ነርስ ከዋርድ ሲነሳ ትዕዛዙ በጽሑፍ ይሁን፤ ሰዓቱ፣ ዋርዱ ውስጥ የቀረው የበሽተኛና የነርስ ቁጥር፣ ያዘዘው ሰው ስምና ፊርማ ይኑርበት። የዋርዱ ኃላፊ ወይም በተራው ያለው ነርስ ካልተስማማ አለመስማማቱን እዚያው ይጻፍ። ድንገተኛ ሲሆን ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ በሽተኛ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስናስገባ ከዚህ የረዘመ ቅጽ እንሞላለን። ይህ ወረቀት ነርስ አይጨምርልንም፣ አውቃለሁ። ግን በወር ስንት ጊዜ እንደተነሳብን ይቆጠራል። ዛሬ የጎደለን ሰው ቁጥር የሚታወቀው በኔ ላጲስ ፍርፋሪ ነው። ቁጥሩ ፋይል ውስጥ ከገባ ቦርዱ በጀት ሲያጸድቅ ማየቱ አይቀርም፣ አንድ ነርስ ለ37 ሰው መቅረቷም «የክትትል ጉድለት» ተብሎ በአንዲት ልጅ ላይ አይጻፍም።

ከዚያ ቀጥሎ፣ የዋርድ ኃላፊን ከጠዋቱ ሦስት ነርሶች አንዷ አድርጋችሁ አትቁጠሯት። መርፌ እየወጋሁ፣ ቁስል እያጠብኩ፣ በዚያው ሰዓት አዲስ የገባውን ልጅ ሥራ ማስተማርና የበሽተኛ ቅሬታ መስማት አልቻልኩም። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጠዋት ለመምራት ብቻ ልግባ። የሆስፒታሉ የነርሲንግ ዳይሬክተርም ማኔጅመንት ላይ ቃለ ጉባኤ ሊይዙ ሳይሆን ድምፅ ሊሰጡ ይቀመጡ፤ ጓንት ሲያልቅ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር የሚያዙበት የበጀት መስመር ይኑራቸው። ሥልጠናው ደግሞ ከሹመቱ ይቅደም።

ማስተርስ የያዙ ጎበዝ ነርሶች ዕድገት ሲፈልጉ አልጋ ዳር የሚቆዩበት መንገድ የላቸውም። መምህር ወይም የፕሮጀክት ሠራተኛ ይሆናሉ፣ አለዚያ ቪዛ ይጠብቃሉ። ለዚህ መፍትሔው የረጅም ጊዜ ነው፣ እናንተ ከኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

የራሳችንን ጉድ ሳልናገር ብዘጋው ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ። ኃላፊ ነርሶች ሆነን ፕሮግራሙን ለወዳጅ የምናሳምርበት ጊዜ አለ። ፋሲካን ማን ያድራል፣ አረፋን ማን ያድራል በሚለው ስንት ኩርፊያ አይቻለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመቴ የቅርብ ጓደኛዬን ሁለት በዓል ተከታትሎ ቤቷ ያሳደርኳት እኔ ነኝ። ከላይ የመጣ ሁሉ ሲሰርዝብን ዝም ብለን፣ ከታች ያለው ሲጠይቀን የምንቆጣ ነን። ሕዝቡም ስለኛ የሚለውን አውቃለሁ። አንድ ቀን የእናቱን መድኃኒት ገዝቶ ለመጣ ልጅ፣ ሦስተኛ ጊዜ ስለጠየቀኝ ብቻ፣ ሰው ፊት ጮኼበታለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ስመለስ እናቱ ተሻሽላ ወጥታለች። የኛ ሰው ሴት ሐኪም ሲያይ «ሲስተር»፣ ወንድ ነርስ ሲያይ «ዶክተር» ይላል፤ እኛም እንስቃለን፣ ወንዶቹም ብዙ ጊዜ አያርሙም። ራሳችንን በስማችን ለመጥራት ካፈርን ሌላው እንዲያከብረን መጠየቃችን ይከብዳል።

ይህን ሁሉ ዛሬ ያስጻፈኝ ምክንያት የሚከተለው ነው። ምክትል ኃላፊ እንድመርጥ ተነግሮኛል፤ እኔ ስወጣ ዋርዱን የምትይዘው እሷ ናት። ያለ ማመንታት ያቺን ልጅ አሰብኩ፣ በዚያ ሌሊት ብቻዋን የቀረችውን። እጇ ቀጥ ያለ ነው፤ ሌላው ሦስቴ ወግቶ ያላገኘውን ደም ሥር አንዴ ታገኘዋለች። በሽተኛውን በአልጋ ቁጥሩ አትጠራም፣ በስሙ ነው። ከተማሪዎች ጋር ስትቆም ቀስ ብላ ታስረዳለች። ከስድስት ዓመት በፊት እኔ እንዲህ አልነበርኩም።

ዱቲ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጬ ነገርኳት። እንደ ሌላው «ይከብደኛል» አላለችም። ማስጠንቀቂያውንም አላነሳችብኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ፕሮግራም ትንሽ አየችና፣ «ሲስተር፣ ምክትል ብሆን ከዚህ ላይ ምኑን ነው እኔ የምወስነው?» አለችኝ።

«አስቤ እነግርሻለሁ» አልኳት። የሹመት ቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ስሟ ተሞልቷል፣ የፈቃደኝነት ፊርማዋ ቦታ ባዶ ነው። ከመጪው 25 በፊት መልስ እንድሰጣት ትጠብቀኛለች፣ እኔም ከናንተ እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የአንድ መንግሥት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋርድ ኃላፊ ነርስ